እናቴ ያላወረደችው ባንዲራ

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ ሩዝ በሄል ሲበስል የሚሸተው ሽታ ከየት መጣ ሳልለው አፍንጫዬን ይሞላዋል። እናቴ ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች ሴት ነበረች፤ የከባድ መኪና ሹፌሩ አባቴ ከወደብ ጭነት ጋር ያመጣት ናት እያሉ የአየር ጤና ጎረቤቶቻችን ያሾፉባት ነበር።

በጋውን ሙሉ ቀልዱን ችላ ትኖር ነበር። «አገርሽ ከኮልፌ ትበልጣለች?» ሲሏት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ እየሞቀች ስቃ ታልፋቸው ነበር። ሰኔ ሃያ፣ ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት ቀን ግን ቀልድ አታውቅም። አዲስ ልብስ አልብሳን፣ ሩዟን ሠርታ፣ በእጇ የሰፋችውን ባንዲራ በራፋችን ላይ ትሰቅል ነበር።

ቀኑ የሚውለው በሰኔ ጾም ነው። አከራያችን እትዬ ዘነበች ጾም አጥባቂ ነበሩና፣ እናቴ በመጀመሪያው ዓመት ሩዙን በፍየል ሥጋ ስትሠራ ሽታው ግቢውን ሞልቶት ተቆጧት። ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ ወዲህ በዘይትና በዘቢብ እየሠራች አስቀድማ ለእሳቸው ትወስድላቸው ነበር።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ አባቴ ጭነት ሊያመጣ ወርዶ ሳለ፣ እትዬ ዘነበች ሳህኑን ተቀብለው ቀና ብለው በራችንን አዩ።

«ይሄን ጨርቅ አውርጂው። በግቢዬ የሰው አገር ባንዲራ ሲሰቀል ሰው ምን ይለኛል? ያውም ለዚች ሚጢጢ አገር!»

«ሚጢጢ ልጅ ቢኖርዎት ይጥሉታል፣ እትዬ?»

«ወይ እሱ ይወርዳል፣ ወይ ቤቴን ትለቂያለሽ!»

እኔ ታውርደው ብዬ በልቤ ለመንኩ፤ በዚያ ዝናብ የት እንገባለን? እናቴ ግን ድምጿን ሳትጨምር፣ «ቤቱ የእርስዎ ነው። ቀኑ የእኔ ነው» አለቻቸው።

ባንዲራው እስኪመሽ ዋለ። ሐምሌ ሳይገባ ፍራሻችንን በላስቲክ ሸፍነን፣ በጋሪ ጭነን፣ ጭቃውን እያቦካን ሌላ ጠባብ ክፍል ገባን። አባቴ ተመልሶ፣ «ትንሽ ብትታገሺስ ምን ነበረበት?» ቢላት፣ «በጋውን ሙሉ ታገስኩ እኮ!» አለችው።

ዛሬ እናቴ የለችም። እኔ የራሴ ቤት አለኝ፤ በሬ ላይ የምሰቅለውን የሚቆጣጠር አከራይ የለብኝም፣ ልጆቼም የሚያፈስ ጣሪያ አያውቁም። ግን ያኔ፣ እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ከፊት ስትራመድ እያየሁ፣ ከጋሪው ኋላ እርጥብ ጫማዬን እየጎተትኩ ስከተላት የተሰማኝን ኩራት ይህ ሁሉ ግድግዳ ሰጥቶኝ አያውቅም።