ኦጁሉ በጆሮው የመረጣት መኪና

ኦጁሉ የመጀመሪያ የውድድር መኪናውን የመረጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሲወራ ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ሃያ አራት ዓመት መሪ የጨበጠ የአምቡላንስ ሾፌር ሜዳ ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር ያዳምጥ ነበር።

መኪናዎቹን ከአዲስ አበባ ያመጣለት ዘርአብሩክ ነው። ሁለቱም ጋምቤላ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፤ ዘርአብሩክ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ኦጁሉ አምቡላንሱ ላይ። ይሄ ዘርአብሩክ በሪሞት በሚነዳ መኪና ያበደ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድሮ መንገድ ሠርቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ካጡት ሞቷል ማለት ነው። ኦጁሉም አንድ ቀን እዚያ አንዲት በባትሪ የምትሠራ መኪና ሞክሮ ወዲያው ሪሞቱን መለሰለት።

«ድምፅ የላትም። ድምፅ የሌላት መኪና ምን መኪና ናት? የነዳጅ ከሆነች እገዛለሁ።»

የድሮ ሾፌር ኩራት ነው ብለው ሳቁበት። ማንም አልጠረጠረም፤ ምን ብሎ ይጠርጥር? ኦጁሉ የባትሪዋን መኪና አላያትም ነበር።

ዓይኑ ከከዳው ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የግራና የቀኙ ጠፋ፣ ቀጥሎ የፊቱም እየደበዘዘ መጣ። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ፣ የዓይን መመርመሪያውን ፊደላት ከፊቱ ከተሰለፈው ሰውዬ አፍ ሰምቶ በቃሉ ይዞ አለፈ። ለሚስቱ ለአጅዋንግ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ጡረታው ሊደርስ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ከመሪው ውረድ ቢሉት ምን ይሆናል? በር ላይ አስቀምጠው ገቢና ወጪ ሊያስቆጥሩት ነው?

ታዲያ እንዴት ይነዳል? መንገዱን ከነጉድጓዱ ያውቀዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ አልማዜ አለችለት። አልማዜ አዋላጅ ናት፤ ወላድ ለማምጣት በወጡ ቁጥር ከጎኑ ተቀምጣ ዝም አትልም። «ውይ፣ እነዚህን ከብቶች እያቸው!» ትላለች። «ያ ሰውዬ ሳይክሉ ላይ የጫነው ምንድን ነው?» ትላለች። ኦጁሉ በወሬዋ ፍሬን ይይዛል፣ በወሬዋ ይለቃል። ድንገት ዝም ካለች «እህቴ፣ ተጫወቺ እንጂ፣ እንቅልፌ ይመጣል» ይላታል። እሷ ጨዋታዋ የተወደደላት ይመስላታል።

ዘርአብሩክ ያመጣለት ሁለት መኪና ነበር፤ አንዷን ወስዶ ሌላዋን ለነጋዴው ሊመልስ። ትንሿ ናይትሮ በሚሉት ልዩ ነዳጅ የምትሠራ ፈጣን ናት። ትልቋ ቀይ፣ ቤንዚን የምትጠጣ። ኦጁሉ አላገላበጣቸውም። «አንተ ንዳቸው፣ እኔ ላዳምጥ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ትንሿ እንደ ወባ ትንኝ ጮኸች፣ የት እንዳለች ሊይዛት አልቻለም። ትልቋ ስትነሳ ግን ፊቱ ፈካ። ልጅ ሆኖ ባሮ ዳር ሲያድግ፣ ጀልባ ከመታጠፊያው ሳይወጣ የማን እንደሆነ በሞተሩ ይለይ ነበር። ጣቱን ቀስሮ ቀይዋን ተከተላት፤ ስትሄድ፣ ስትታጠፍ፣ ስትመለስ አንዴም አልሳታትም።

«ይቺ» አለ።

«አበጀህ ጋሽ ኦጁሉ፤ ለጀማሪ እሷ ናት» አለ ዘርአብሩክ። «የትንሿን ነዳጅ ከአዲስ አበባ ማን ያመጣልሃል? አውቶቡስ እንደሆነ አይጭነውም። በዚህ ሙቀት ደግሞ ሞተሯን ስታስተካክል ነው የምትውለው። ትልቋ እንደ ጀልባ ሞተር ቤንዚንና ዘይት ቀላቅለህ መሄድ ነው። ደግሞ ከኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት። የኔ ሰማያዊ፣ ያንተ ቀይ፤ አይምታታብንም።»

«አይምታታም» አለ ኦጁሉ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ብቻውን ተለማመደ። ጎበዝ ወጣው! ጎማ ሳይነካ አሥር ዙር ይዞራል። ደስታው ግን ለመኪናዋ አልነበረም። በጆሮ መንዳት የሚቻል ከሆነ አምቡላንሱም ይነዳል፣ ሦስት ዓመት ምን አላት ብሎ ነው። ይሄን ሐሳብ ይዞ ነው እንግዲህ ልቡ የሞላው፣ እግዜር ይይለት።

ቅዳሜ ደረሰ። ኦጁሉና አልማዜ ተረኞች ስለነበሩ፣ ስልክ ከተደወለ ለመሄድ አምቡላንሱን ሜዳው ዳር አቆሙት። ዘርአብሩክ የሁለቱንም መኪና ገመድ ስቦ አስነሳና «ሂድ!» አለ።

ሁለቱ ሞተሮች እኩል አጓሩ። ኦጁሉ በደብዛዛው ውስጥ አቧራ የሚያስነሳ ጥላ አየ፣ ድምፁንም ያዘ፣ ተከተለው። ጥላው ታጠፈ፣ እሱም አጠፈ። ዙር ጨመረ። ላቡ እየወረደ ሳቀ። «አያችሁት? አያችሁት አነዳዴን?» አለ።

ጥላው ዞሮ ዞሮ እግሩ አጠገብ መጣና ቆመ። የኦጁሉ ጣት ግን ነዳጅ እንደሰጠ ነበር። ሩቅ፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ዘንድ፣ ሌላ ሞተር አጓራ።

«ጋሽ ኦጁሉ» አለ ዘርአብሩክ ቀስ ብሎ፤ «ይቺ የኔዋ ናት። ያንተ ገና በመጀመሪያው ዙር ተገልብጣለች።»

ኦጁሉ ጣቱን አነሳ። አልማዜ መጥታ ፊቱ ቆመች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ማክሰኞ ዕለት እንጨት የተሸከመችው ሴትዮ» አለች። «እኔ ስጮህ ነው ፍሬን የያዝከው።»

«አዎ።»

«ከኋላ ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረች፣ ጋሽ ኦጁሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። አፈረ፤ መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር።

የአልማዜ ስልክ ጮኸ። ጎግ መንገድ ላይ ወላድ አለች፣ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቶሎ ድረሱ። አልማዜ ስልኩን ዘግታ የመኪናውን ቁልፍ አየች። ቁልፉ በኦጁሉ ወገብ ላይ ነው። አምጣ አላለችውም። ሃያ አራት ዓመት ይሄን ቁልፍ ሰው ነክቶበት አያውቅም። ኦጁሉ ራሱ ከቀበቶው ፈታው።

«ኒካውን ጥሪው» አለ። ኒካው ሁለተኛው ሾፌር ነው፤ ዛሬ ዕረፍቱ ቢሆንም ቤቱ ቅርብ ነው። «እኔ ከኋላ ሆኜ ቃሬዛ እይዛለሁ።»

ኒካው በባጃጅ ከንፎ መጣ፣ ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። ኦጁሉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ፣ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀመጠ። ዘርአብሩክ ቀይዋን መኪና አቧራዋን አራግፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠለትና በሩን ዘጋው። ከተማውን ለቀው እንደወጡ አልማዜ ከፊት፣ እንደ ልማዷ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ውይ፣ ከብቶቹን!» አለች።

«አይቻቸዋለሁ እኮ እህቴ» አለ ኒካው፤ «ምን ያስጮህሻል?»

አልማዜ ወላዷ ጋ እስኪደርሱ ሁለተኛ አልተናገረችም። ኦጁሉም ተጫወቺ አላላትም።