ጎሚኒ በሰሊጥ ዘይት

ልጅ እያለሁ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ከአጎቴ ከሙሉጌታ የሚበልጥ ጀግና ያለ አይመስለኝም ነበር። የሚበልጠው ሞኝ እንዳልነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ዛሬም የሰሊጥ ዘይት ሲሸተኝ ትዝ ይለኛል፤ ያናድደኛልም።

ሰው ከሱዳን ሳሙና፣ ስኳር፣ ሽቶ ያመጣል። አጎቴ ያመጣው ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ነበር። ያውም ክረምት ላይ ዋልካው ትራክተር በሚውጥበት፣ በጋ ላይ መሬቱ እግር እስኪያስገባ በሚሰነጠቅበት አገር። እኛ ልጆች ግን ከኋላዋ እየሮጥን አቧራና የቤንዚን ሽታዋን እንደ ሽቶ እንስብ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አባቴ፣ «መንገዱንም አብሮ ቢያስመጣ ጥሩ ነበር» አለ።

ብዙም ሳትቆይ የፊት እግሯ ጎሚኒ አለቀ። ጎሚኒ እግሯን ከአካሏ በሚያያይዘው ብረት ውስጥ የሚገባ፣ የጉድጓዱን ምት የሚቀበልላት ድብልብል ጎማ ነው። እሱ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይማታል፤ መምጣቷን ከሩቅ እንሰማ ነበር። የሌላ መኪና ቢሆን ገበያ ውስጥ ይገኛል። የእሷን ፍለጋ መለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ ጋላባት ተሻግረው፣ ገዳሪፍ ድረስ አስጠየቁለት። «ወላሂ ሙሉጌታ፣ ይችን መኪና የሠራት ሰውም ረስቷታል፤ ተዋት ልጄ» አሉት። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

እንቢ ያለበት ምክንያት ነበረው። የኮኪት ገበሬ ልጅ የሆነችውን የሺን አጭቶ፣ «ሙሽራዬን በዚች መኪና ካልወሰድኳት ሙሉጌታ አትበሉኝ» ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ፎክሯል። ሙያ በልብ ነው የሚባለውን አልሰማም መሰለኝ። ሰርጉ ሲቃረብ ሐጂ የሰው ሰው ጠይቀው ትክክለኛውን ጎሚኒ ከካርቱም አስመጡለት። ማስገባት ብቻ ቀረ፤ ጠበበውና አልገባ አለው። በእኛ አገር ለደረቀ ቆዳም፣ ሲጢጥ ለሚል በርም፣ ለወገብ ሕመምም መድኃኒቱ የሰሊጥ ዘይት ነው። አጎቴም ጎሚኒውን በጣሳ ዘይት ዘፍዝፎ አሳደረው። በማግስቱ ሰተት ብሎ ሲገባለት ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ዘይት የጠጣ ጎማ አብጦ ውሎ አድሮ እንደ ገንፎ እንደሚላቁጥ ያሰበ አልነበረም።

የሰርጉ ዕለት ከኮኪት ስንመለስ ሙሽሮቹ በቀይዋ መኪና፣ እኛ ከሚዜዎቹ ጋር በአይሱዙ ሆነን ከኋላ እንከተላለን። መንገድ ላይ የፊት ጎማዋ ወደ ጎን ተንጋደደና ቀጥ ብላ ቆመች። ሚዜዎቹ «ሁለታችሁም ወደኛ ውጡ» አሉ። የሺ ቬሎዋን ሰብስባ ወርዳ ጠበቀችው። እሱ ግን በሙሉ ልብሱ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ፣ «እሷን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ይችን ጥያት አልሄድም፤ ይፈታቱብኛል» አለ።

የሺ ለጥቂት ጊዜ ጫማውን ስታይ ቆየች። ወደ ኮኪት የሚሄድ፣ የጎጃም አጫጆች የጫነ ትራክተር ሲመጣ እጇን አንስታ አስቆመችው። አንዱ አጫጅ «ነይ እታለም» ብሎ እጇን ይዞ ተጎታቹ ላይ አወጣት። ሚዜዎቹ እየተከተሉ ለመኗት፤ አልወረደችም። እኛም መተማ ገብተን፣ ሰው በሞላበት ዳስ ሙሽራ የሌለበት ሰርግ በላን።

ዛሬ ጎሚኒ በስልክ ይታዘዛል። አጎቴም በልኳ አግኝቶላት፣ ሽበቱን አበጥሮ በቀይዋ መኪና ከተማውን ይዞራል። ያኔ ከኋላዋ እንሮጥ የነበርን እኛ፣ አሁን ልጆቻችንን ከአቧራዋ እንሰበስባለን። የሺ አብርሃ ጅራ ከተማ አግብታ ወልዳለች። በቀደም አግኝቻት የእሱን ነገር ባወራላት ስቃ ስቃ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ'ኮ መኪናዋ ተሰበረች ብዬ አልነበረም የተመለስኩት። ከዚያ ሥር ወጥቶ አብሬሽ ልሂድ ቢለኝ፣ መተማ ድረስ በእግሬ እሄድለት ነበር።»

ይህን ለአጎቴ አልነገርኩትም። ብነግረው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዋ ምን እንዳለች ነው።