እናቴን ባሕር መሀል ትቻት የሄድኩ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። እስካሁን ሰው «እናትህ እንዴት ናቸው?» ብሎ በደህና ቀን ሲጠይቀኝ እንኳ ወሬ እቀይራለሁ።

እናቴ ከደሴ መጥታ አርሊንግተን እኛ ጋ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ባለቤቴ ዘሀራ ነርስ ናት። ሁለታችን ስንሮጥ እሷ አፓርትመንት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ነው የምትውለው። ሶ፣ አንድ ሳምንት ቫኬሽን ወስደን፣ እሷንና ትንሿን ልጃችንን ይዘን ካሪቢያን ላይ ወዳለች አንዲት ደሴት ሄድን። ሆቴላችን ባሕሩ ዳር ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጀልባ ጉዞ ቡክ አደረግኩ። ከሆቴሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ባሕሩ መሀል ብቅ ያለ ረጅም ነጭ አሸዋ አለ። ጠዋት ወስደው ያዝናኑሃል። ከሰዓት ግን ውሃው ከፍ ሲል አሸዋው ስለሚሸፈን ከዚያ በፊት ይመልሱሃል። ይህን ቲኬቱን ስገዛ በደንብ ነግረውኛል።

መመለሻችን ሲደርስ እኔ ለጓደኞቼ የምልከውን ቪዲዮ እቀርጻለሁ። እናቴ መጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ የሆነ ነገር አለችኝ። «እሺ እማ፣ እሺ» አልኳት። ዓይኔን ከስልኬ አላነሳሁም።

የመጣነው በሁለት ጀልባ ነው። ጥላ ያለው ላይ ሕፃን የያዙ ይግቡ ተባለና ዘሀራ ልጃችንን አቅፋ ገባች። እኔ ሁለተኛው ላይ ወጣሁ። እናቴ ከዘሀራ ጋር ጥላው ሥር ናት ብዬ ነው። ዘሀራ ደግሞ ከእኔ ጋር የሄደች መስሏታል። ጀልባ ነጂው «የቀረ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ማንም የለም፣ እንሂድ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ሆቴሉ ደርሰን ስወርድ ዘሀራ ወደ ኋላዬ እያየች «እማስ?» አለችኝ።

«አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። እናቴ ያለችኝ ነገር ጆሮዬ የገባው ገና ያኔ ነው። «ዙሁር ሳያልፈኝ እዚያ ማዶ ሄጄ ልስገድ፤ እዚህ ራቁቱን የማይሄድ ሰው የለም። ጠብቀኝ» ነበር ያለችኝ። አሸዋው መሀሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከወዲያ በኩል ጎንበስ ያለ ሰው አይታይም።

ወደ ጀልባ ነጂው ሮጥኩ። ሽበታም ሰውዬ ነው። «እናቴ! እናቴ ቀረች!» ስለው አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሞተሩን ሳበው፤ እምቢ አለ። ደግሞ ሳበው። በሦስተኛው ተነሳ።

እናቴ ዋና አትችልም። እኔም አልችልም፤ ደሴ ያደገ ሰው የት ይዋኛል? መንገዱን ሁሉ «ያ ረቢ፣ የኔን ጥፋት እኔው ላይ አድርገው» እያልኩ ነበር።

ስንደርስ አሸዋ የለም። ውሃ ብቻ! ተሳስተን ሌላ ቦታ የመጣን መሰለኝ። ነጂው ሞተሩን ቀንሶ ቆሞ ዙሪያውን አየና በእጁ ጠቆመኝ።

እናቴ ናት። ጎበጥ ያለው ላይ ቆማለች። ውሃው ከጉልበቷ በላይ ደርሷል፤ ማዕበል ሲመጣ ወገቧን ይመታታል። መስገጃዋን እንዳይረጥብ ራሷ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ጀልባው ሳይቆም ዘለልኩ። እስከ ደረቴ ገባሁ። ጨው ውሃ እየጠጣሁ ስንደፋደፍ እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ኧረ ቀስ በል፣ ትወድቃለህ!»

ጀልባው ላይ ስናወጣት መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ነጂው ሸሚዙን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። አላህ ይስጠው። እኔ እግሯ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ብቻ ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አርሊንግተን ስንመለስ ወሬው ተሰማና ሊጠይቃት በመጣ ሰው ሳሎናችን ሞላ። ሁሉም «እንዴት ቀሩ እማማ?» ይላታል። እናቴ ለቀልድ እንኳ ዋሽታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ዓይኔን ሳታይ «የራሴ ጥፋት ነው። ለማንም ሳልናገር ሄጄ ነው እንጂ ልጄ እኔን አይተወኝም» አለች። ሰዉ ሁሉ «አንተ ምን ታደርግ፣ በምን ታውቃለህ፤ አላህ ያቆይልህ» እያለ አጽናናኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሚን» አልኩ።

ይኸው ዓመት ሆነው። አሁንም እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደዚያው ታወራለች፣ እኔም ዝም እላለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም። እናቴ ነግራኝ ነበር። ጠብቀኝም ብላኛለች።