ዘፈን ከሌለ ኩስ የለም

ድንቅቱ ስትደነግጥ ሳቅ የሚቀድማት ልጅ ናት። ሰበታ ሰፈሯ ውስጥ ለቅሶ ቤት አጠገቧ መቀመጥ የሚፈራ አለ፤ ታስቃለችና። ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ ቫይረሶችን የሚከታተል ቡድን ናሙና ሰብሳቢ አድርጎ በሙከራ ቀጠራት። አለቃዋ ዶክተር ፀሐይ፣ "ቅዳሜ ያለእኔ ትወጫለሽ። ባዶ ሳጥን ይዘሽ ከመጣሽ ሥራው አልሆነሽም ማለት ነው" ስትላት ከት ብላ ሳቀች። መደንገጧ ነበር።

የተላከችው መናገሻ፣ ኦቦ ሊቤ ግቢ ነው። የእህል መጋዘናቸው ጣሪያ ስር የሌሊት ወፎች ሰፍረዋል። ቀድማ ደውላ፣ "የቅኝት ቡድን ነን፣ ቅዳሜ እንመጣለን" አለቻቸው።

"እሰይ! እንዳታረፍዱ ብቻ!" አሉ ሽማግሌው። እንዲህ የጓጓ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ቅዳሜ ከሹፌሩ ከኤልቃና ጋር ሲደርሱ መጋዘኑን ተደግፎ ድንኳን ተጥሏል። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ እልልታው ቀለጠ።

"ባጋ ነጋን ዱፍታን! እንኳን ደህና መጣችሁ!" አሉ ኦቦ ሊቤ እጃቸውን ዘርግተው። "ባንዱ መጣ! ክራሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው?"

"የምን ክራር አባቴ? በረዶ ነው ያለው።"

"ቅኝት አላልሽም እንዴ? ትዝታ ነው አምባሰል የምትቃኙት?"

ድንቅቱ ገባት። ሳቋን ዋጥ ልታደርግ ብትሞክር በአፍንጫዋ ወጣ። "የበሽታ ቅኝት ነው ኦቦ ሊቤ! የሌሊት ወፎቹ ሰው የሚይዝ ቫይረስ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ለማወቅ ኩሳቸውን ልንሰበስብ ነው።"

ኦቦ ሊቤ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ለልጄ ለያኔት ሰርግ ባንድ ይመጣል ብዬ ለአገር ምድሩ አውርቼ፣ አሁን ለኩስ ነው የመጡት ልበል?" መጋዘኑ በር ላይ ተገተሩ። "ዘፈን ከሌለ ኩስ የለም!"

ባዶው ሳጥን ድንቅቱ ዓይን ላይ ድቅን አለ።

"እሺ፤ መጀመሪያ ሸራዬን ላንጥፍ፣ ከዚያ እዘፍናለሁ። ኤልቃና ከበሮ ይመታል።"

"እኔ ሹፌር ነኝ እኮ!"

"ክላክሱን እንደምትደበድበው ነው፤ ምንም አይለይም።"

ነጭ ቱታዋን፣ ማስኩንና ጓንቷን አድርጋ ገባችና ከወፎቹ ስር የፕላስቲክ ሸራ ዘረጋች። ወጥታ ሁሉንም አወለቀች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ድንኳኑ መሃል ቆመች። በድንጋጤ እየሳቀች ከአፏ የመጣላትን ለቀቀችው፦

"ሌላው ቆሞ ሲጨፍር፣ ተገልብጣ ተኝታ፣
ኩሷን ጣለችልን፣ ለሰርጉ ስጦታ!"

"ሆ!" አለ ድንኳኑ። ሙሽራዋ ሳትቀር ትከሻዋን ለቀቀችው። የኤልቃና ከበሮ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ወፎቹ ባነኑ፤ የባነነ ወፍ ደግሞ ዝም ብሎ አይባንንም።

ድንቅቱ ቱታዋን መልሳ ለብሳ ስትገባ ሸራው ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት መስሏል። ትኩስ ትኩሱን ለቅማ በረዶው ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ ስልኳ ጮኸ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ?" አለች ዶክተር ፀሐይ።

"ቅኝት ላይ ነን ዶክተር! ሳጥኑ ሞልቷል!"

ስትሰናበት ኦቦ ሊቤን አስጠነቀቀቻቸው። "ውጤቱ እስኪታወቅ መጋዘኑን ዝጉት፤ ወፎቹን በእጅ አትንኩ፣ በጭስም አታባሯቸው። ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል እንመለሳለን።"

"ሦስት ወር?" ሽማግሌው ፊታቸው በራ። "እንግዲያው ታናሿንም ያኔ እድራታለሁ!"

"ኧረ አባዬ!" የሚል ጩኸት ከድንኳኑ ጥግ ተሰማ። "እጮኛ እንኳ የለኝም!"

"አንቺ እጮኛ ፈልጊ" አሉ ኦቦ ሊቤ። "ባንዱ ተገኝቷል።"