አብሽ የበዛበት ዱባ

ልጄን ያስራብኋት እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ በምላሴ እገርፈው ነበር፤ ግን ብዙ ሰው አያውቀውምና ራሴው ልናገረው።

ልጄ አልሁ እንጂ አልወለድኋትም። የባሌ ልጅ ናት። እናቷ በሁለተኛ ወሊዷ ላይ ስትሞት ገና ከጡት መጣሏ ነበር። እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው በኒካህ ስገባ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ፣ እንደ ቀበሌ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አሳልፊኝ ብዬ ለመንኋት፣ ወላሂ።

ከእኔ እጅ አትበላም ነበር። እንቁላል ጠበስሁላት፣ እምቢ። ፍርፍር በቅቤ አደረግሁላት፣ እምቢ። አባቷ ሲያጎርሳት ትውጣለች፤ እኔ ሳጎርሳት ጉንጯ ውስጥ ይዛው ትቆይና ዞር ስል ምንጣፍ ሥር ትተፋዋለች። የሰፈሩ ዓይን ደግሞ እኔ ላይ ነው። የእንጀራ እናት ከሆንሽ ሰው ሁሉ ድስትሽን ሳያስፈቅድ ይከፍታል። «ከሳች እንዴ?» ይሉኛል፣ እኔ ሥጋዋን ቆርሼ የሸጥሁት ይመስል።

ያዳነኝ ዱባ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቢ ሲገባ ሰኞ ገበያ ከቆላው የመጣ ዱባ ይከመራል። አንዱን ተሸክሜ መጣሁ፣ ከነልጣጩ ከትፌ ድስት ውስጥ ጣልሁና ውሃ ልጨምር ስል ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ላይ ክርክር ገጠምን። ዶሮዋ ጎመኔን ጭራብኝ ነበር። ነገር ስወድ ውሃውን ረሳሁት። ተንጨርጭሬ ስመለስ ዱባው በገዛ ላቡ በስሏል፤ ከሥሩ ትንሽ ያዝ አድርጎት ቤቱ ሁሉ ማር ማር ይሸታል። ልጅቷ ከምድጃው አጠገብ ቆማለች። ጣቷን ነክራ ላሰች። እንደገና ነከረች። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆምሁ። በዚያ ቀን ግማሽ ሰሃን በልታ ጭኔ ላይ ተኛች። እግሬ ደነዘዘ፣ ግን ንቅንቅ አላልሁም።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ጥቢ ያንኑ ሠራሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ዱባ የጾም ነው ይላሉ፤ በእኛ ቤት ግን ያለ ቅቤ አይወርድም። ዱባው ጠብታ ውሃ ሳይነካው፣ ክዳኑ ግጥም ብሎ፣ በለሰለሰ እሳት ይበስላል። ሽንኩርቱ ልጅ እስከማያየው ድረስ ደቅቆ ለብቻው ይቁላላል፣ ትንሽ እርድ፣ በመጨረሻ ቅቤና ኮረሪማ። በርበሬ የለም። ግማሹን እፈጨዋለሁ፣ ግማሹን አንኳር አንኳሩን እተወዋለሁ። የተረፈውን በማግስቱ ከስንዴ ዱቄት ጋር ለውሼ ቂጣ አደርገዋለሁ። ፍሬውን አጥባ ፀሐይ ላይ የምታሰጣው እሷ ናት፤ እኔ በጨው ቆልቼ ለትምህርት ቤት ኪሷን እሞላላታለሁ። ባሌ ከሥራ ሲገባ፣ «ዛሬም ዱባ? በቅርቡ እኛም ሐረግ እናወጣለን!» ይላል። ብሎም ከሁላችን በላይ ይበላል።

ባሌ ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ ታሞ ሞተብኝ። ስለ እሱ ሞት ብጽፍ አልጨርሰውምና ልለፈው።

በመስከረም ማለቂያ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ዒዳ ላይ ነበርሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። እነሱ ሳሎን፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን ተነጋገርን። የልጅቷ አክስት፣ የሟች እናቷ ታላቅ እህት፣ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ልጅቷን ልውሰድ ብላለች።

«ልጄ፣ አንቺ ምንም አላጎደልሽባትም፤ ምንዳሽን አላህ ይክፈልሽ» አሉኝ ትልቁ። «ግን አክስት በእናት ቦታ ናት። አንቺም ገና ወጣት ነሽ፣ ነገ ታገቢያለሽ።»

«አላገባም፣ አንቱ።»

«ተይ፣ እንዲህ አይባልም።»

ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብለው፣ ግን እንድሰማ አድርገው፣ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» አሉ። እኔና እሷን ነው። ስድስት ዓመት ያጎረስሁበት እጄ በአንድ ተረት ተቆረጠ። መጋረጃውን ገልጬ ልወጣባቸው ነበር፤ ዒዳው ያዘኝ።

በመጨረሻ ትልቁ ፍርድ ሰጡ። ዒዳዬ እስኪያልቅ ልጅቷ አክስቷ ጋ ትቆያለች። ከለመደች እሰየው። እህል አልቀምስ ብላ ከከሳች ግን በግድ አትያዝም፣ ወደ እኔ ትመለሳለች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እኔ ይህችን ብቻ ያዝሁ፤ ካልበላች ትመለሳለች።

ልጅቷ በሄደች በአራተኛው ቀን አክስቷ ደወለች። ቅን ሴት ናት፣ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። «እህቴ፣ ኧረ ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች። ዱባ ትወዳለች ብለውኝ ብሠራላት አየችና ሰሃኑን ገፋችው። እንዴት አድርገሽ ነው የምትሠሪላት?»

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ደስታ ነው። አስተግፊሩላህ፣ ደስታ ነው። ልጄ ተርባ እኔ ደስ አለኝ።

«ውሃውን ዱባው እስኪዋኝ ሙዪበት» አልኋት።

«እሺ።»

«ሲፈላ ሦስት ማንኪያ የተፈጨ አብሽ። ሳትነክሪው።»

«አብሽ? በዱባ?»

«እሷ የለመደችው እንዲያ ነው፣ እታለም። መጀመሪያ ብታኮርፍም ተያት።»

«ይሁና፣ አንቺ ነሽ የምታውቂያት» አለችና መረቀችኝ። አብሽ ሳይነከር ምን ያህል እንደሚመር ታውቃለች፤ ግን ስለ ልጅቷ ከራሷ ምላስ ይልቅ እኔን አመነች።

ስልኩን ዘግቼ ለዱዓ እጄን ዘረጋሁ። ያ ረቢ፣ እምቢ ትበል፤ ያ ረቢ፣ ትግፋው እያልሁ ለመንሁ። ልጄ እንዳትበላ ዱዓ አደረግሁ። አላህ ከእኔ ይሻላልና አልሰማኝም፤ በሳምንቱ አክስቷ ደውላ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ለመደችልሽ! ሰሃኗን ጠርጋ ነው የምትበላው» አለችኝ።

ተቃጠልሁ። ሦስት ማንኪያ አብሽ! የእኔ እጅ ከዚህ አይሻልም? ልጅ እንደ ድመት ነው፣ ላጎረሰው ይሄዳል አልሁ። ስልክ ላይ ትምጣና ታናግርሽ ሲሉኝ ራሴን አሞኛል አልሁ። አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ፤ ጎረቤቴ ያመጣችልኝን ዱባ ሳልከትፈው ጓዳ ውስጥ በሰበሰ።

ዒዳዬ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ያዝሁና የሐረጎን ቁልቁለት ወረድሁ። ከደሴ በብርድ ተኮማትሬ ወጥቼ ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ነጠላዬን አስጣለኝ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ተሳፈርሁ። የአክስቷ ግቢ ፓፓያ የበዛበት ነው። ልጄ ከአክስቷ ልጅ ጋር፣ እኩያዋ ከሆነች ልጅ ጋር፣ ጠጠር እየተጫወተች ነበር። ስታየኝ ሮጣ መጥታ ሆዴ ላይ ተለጠፈች። ጀርባዋን ሳሻሽ አጥንቷ በእጄ ተቆጠረ። ከስታለች፣ በጣም ከስታለች። ትልቁ ሽማግሌ ይህን ቢያዩ ዛሬውኑ ይዛት ትሂድ እንደሚሉ አወቅሁ። እውነት ለመናገር፣ ልቤ ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀምሮ ነበር።

ምሳ ቀረበ። ለሌሎቹ የምስር ወጥ፣ ለእሷ እንደ ዘወትሩ በትንሽ ሰሃን ያ ዱባ ብቻ። አክስቷ «አንቺም ቅመሽ፣ እንዳንቺ ባይሆንም» አለችኝ። ቀመስሁ። ምላሴ ተጠቀለለ። የኮሶ ታናሽ ወንድም በሉት። ልጄ አንድ ትጎርሳለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትውጣለች፣ ውሃ ትጎነጫለች፣ ደግሞ ትጎርሳለች። እስከ መጨረሻው በላችው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

ከምሳ በኋላ ከፓፓያው ሥር ብቻችንን ተቀመጥን።

«ያ ዱባ አይመርሽም?» አልኋት።

«ይመረኛል።»

«ታዲያ ለምን ትበይዋለሽ?»

ጠጠሮቿን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «መጀመሪያ ላይ አልበላም ስል አንዲት ሴትዮ መጥተው ነበር። አሳዳጊ የበደላት ናት አሉኝ። እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።» ጠጠሮቹን ጨበጠችና፣ «ከዚያ በኋላ ጨርሼ ነው የምበላው» አለች።

ያ ረቢ። ልጅቷ ስሜን ለመጠበቅ ሁለት ወር ያህል መራራ ስትውጥ፣ እኔ በስልክ አላናግራትም ብዬ አኮረፍሁ። ሴትዮዋ ሳያውቁት እውነት ተናገሩ፤ አሳዳጊዋ በድላታለች። አቅፌ አለቀስሁ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ይልቅ ጀርባዬን መታ መታ አደረገች፣ እኔ ሲያማት እንደማደርገው።

«እንሂድ፣ የኔ ዓለም» አልኋት። «ዛሬውኑ ቤታችን እንሂድ።»

ወደ አክስቷ ልጅ አየች። ያቺኛዋ በሩ ላይ ቆማ የጨዋታ ተራዋን ትጠብቃለች። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች።

«እማ» አለች፣ «አሠራሩን ለአክስቴ ብትነግሪያትስ?»

ገባኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሰው ሳታስቀይም መናገር ታውቅበታለች። ወደ ቤቴ መምጣት የምትፈልግ ልጅ የእኔን ዱባ አሠራር ለሌላ ሰው ንገሪ አትልም። እዚህ እኩያ አላት፣ አብራት የምትተኛ፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዛት የምትሄድ። እኔ ጋ ያለነው እኔና የአባቷ ባዶ ወንበር ነን። የጎደላት አንድ ነገር የሚጣፍጥ ምሳ ነበር፣ እሱንም የከለከልኋት እኔ ነኝ።

ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። «እታለም፣ በስልክ የነገርሁሽ ውሸት ነው» አልኋት። «እንድትመለስልኝ ብዬ ነው። ካልበላች ትመለሳለች ስላሉኝ።»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጅቷን?» አለች። «የእህቴን ልጅ? ሁለት ወር?»

«አዎ።»

ልትሰድበኝ አፏን ከፈተች፤ ብትሰድበኝ ዕዳዬ ነበር። ግን አፏን መልሳ ዘጋችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ከጥግ ዱባ አንስታ፣ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አቀበለችኝ። «በይ አሳይኝ» አለች። ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር።

ቢላዋውን መለስሁላት። «አንቺ ክተፊው። እኔ እነግርሻለሁ።»

በእኔ እጅ ከተሠራ አንድ ቀን በልታው ያልቃል። ስለዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በአፌ ብቻ ሠራሁት። ውሃ እንዳትጨምሪ አልሁ። ሁለት ጊዜ ክዳኑን ልትከፍት ስትል፣ ተይው፣ በላቡ ይብሰል ብዬ ከለከልኋት። ሽንኩርቱ ይድቀቅ፣ ገና ነው፣ አሁንም ገና ነው አልሁ። ቅቤው ሲገባ ቤቱ ያንን ሽታ ሸተተ፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ልጆቹ ሽታውን ተከትለው መጡ። አክስቷ በትንሹ ሰሃን ጨልፋ ሰጠቻት። ልጄ እንደ ልማዷ ውሃዋን አጠገቧ አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጎረሰች። ዓይኗን ገለጠች። ውሃውን ረሳችው። እየቸኮለች፣ ጉንጯ እስኪሞላ እየጎረሰች ጨረሰችና ባዶ ሰሃኗን ወደ አክስቷ ዘረጋች።

«ጨምሪልኝ» አለቻት። ዞር ብላ እኔን አላየችኝም።