የእትዬ ከበደች ምራቅ

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ባድር ሆዴ ይፈነዳል!

እትዬ ከበደች ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ የሚዞሩበት ጥግ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ይሸጣሉ። ምላሳቸው ምላጭ ነው። ቲማቲም እየጨበጠ የሚያገላብጥ ደንበኛ ካዩ «ልትገዛት ነው ልታገባት?» ይሉታል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ያደሳ የሚባል፣ በያጅ ነው። «ያደሳዬ» ሲሉ ፊታቸው ሁሉ ይስቃል።

ባለፈው ክረምት ዓለም ባንክ ሰፈር በሚሠራ አንድ ሕንጻ ሌባ ገባና ዘበኛውን ገደለው። የተሰበረው መስታወት ላይ የሌባው ደም ቀረ። ፖሊስ ጌድዮንን ያዘው፣ የያደሳን ጓደኛ። ደሙ የእሱ አልሆነም፣ ግን የዘበኛው ስልክ እጁ ላይ ተገኘ። «ያደሳ ነው የሸጠልኝ!» አለ። ያደሳ ደግሞ «ሥራ አገኘሁ» ብሎ ክፍለ ሀገር ከወረደ ሰነባብቷል።

መርማሪው ፍቅረማርያም መደቡ ድረስ መጣ።

«እናቴ፣ ያደሳ ልጅዎ ነው?»

«የማን ሊሆን ነበር፣ ያንተ?»

«እንግዲያው ምራቅዎን ይስጡን። ለዲኤንኤ ነው። ደሙ የልጅዎ ካልሆነ ነጻ ይወጣል።»

እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። ልጃቸውን ያምኑታላ! እንኳን ምራቅ ደማቸውንም ይሰጡ ነበር፤ አፋቸውን ከፈቱለት።

ውጤቱ ሲመጣ ጣቢያ አስጠራቸው። «እንኳን ደስ አለዎት! ደሙ ከእርስዎ የተወለደ ሰው ደም አይደለም። ጌድዮን ዋሽቷል» አላቸው። እትዬ ከበደች እዚያው እልል አሉ። በር ላይ ለልጇ ምሳ ይዛ የቆመችው የጌድዮን እናት እሙ እልልታውን ስትሰማ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ደስታው ታክሲ ውስጥ ሳሉ አለቀ። ከእርስዎ የተወለደ...? ያደሳን እኮ አልወለዱትም! የወለደችው የሟች ባላቸው እህት ሌሊሴ ናት፣ ሆለታ ያለችው። ጡት እንደጣለ በጉዲፈቻ፣ በሽማግሌ ፊት ተምሎ ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ «አልወለድሽውም» ማለት ነውር ነው፣ ለራስም ቢሆን። ያደሳም አያውቅም። እትዬ ከበደች ፖሊስን ሊዋሹ አላሰቡም፤ በቃ፣ ትዝም አላላቸውም!

በማግስቱ ያደሳ ደወለ።

«እማ፣ ነጻ ወጣህ አሉኝ እኮ! ተገላገልን!»

«ያደሳዬ፣ እጅህ እንዴት ሆነ?»

«የቱ እጄ?»

«መስታወቱ የቆረጠህ።»

«ድኗል... ማን ነገረሽ?»

ስልኩን ዘጉት። ዝም ቢሉ የእሙ ልጅ ባልሠራው እስር ቤት ይበሰብሳል። ቢናገሩ ልጃቸውን አሳልፈው መስጠት ነው፣ ማህላውንም ማፍረስ። ሳምንት ሙሉ መደብ አልዘረጉም። አንድ ቀን ጠዋት እሙ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ በደጃቸው ስታልፍ አዩዋት፤ ነጠላቸውን ጣል አርገው ጣቢያ ድረስ ተከተሏት።

«አልወለድኩትም» አሉት መርማሪውን።

«ታዲያ ልጅዎ ነው ወይ ስልዎት?»

«ልጄ ነዋ! ወለድሽው ወይ መች አልከኝ?»

ፍቅረማርያም አንገቱን አከከ። «እሺ፣ የወለደችው ማናት? የሷን ምራቅ እንወስዳለን።»

«ተዋት! ሰጥታኝ ጨርሳለች፣ እሷን ምን አድርጊ ትላታለህ?»

አልተዋትም። ከዘመድ ጠያይቆ የፖሊስ መኪና ሆለታ ላከ። ሌሊሴም እንደ እሳቸው ምንም ሳይገባት አፏን ከፈተች፣ ደሙም ገጠመ። ጌድዮን ተፈታ፤ ያደሳን ካለበት አመጡት። እናቱ ማን እንደሆነችም ከፖሊስ አፍ ሰማ።

ዛሬ ምሳ ይዘው ጣቢያው በር ላይ የሚቆሙት እትዬ ከበደች ናቸው። ሳህኑ እንደሞላ ይመለሳል። «የወለደችኝ ታምጣልኝ» ይላል አሉ። እሳቸው ግን በማግስቱም ትኩሱን ይዘው ይሄዳሉ።

እኔ ይሄን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናንተ ሰፈርስ ላቦራቶሪ እንዲህ ቤተሰብ የበተነበት ሰው አለ? ምን አደረገ? ንገሩኝ እስቲ?