የሚስቴን አባት ዋስ ይዤ ባንክ የሄድኩ ጊዜ

ባንክ ለትንሽ ነጋዴ ያበድራል ሲሉ እሰማለሁ። ያበድራል። እኔ ግን ደጁን አውቀዋለሁና አፌን አታስከፍቱኝ እያልኩ ኖሬ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ከፈትኩት።

በስልሳ አምስት በልጉ ሲቀር፣ ቆቦ ላይ ከመኪናው መንገድ ዳር ጨው፣ ላምባና ማሽላ የምቸረችርባት አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ማሽላውን የሚያመጣልኝ የአካባቢው ገበሬ ነው። ያን ዓመት ከተራራው ጎርፍ አልወረደም፤ ጎርፍ ካልወረደ ደግሞ የእኛ ሜዳ አቧራ ነው። ሻጩ ገበሬ ገዢ ሆነ። ስለዚህ ከደቡብ አንድ መኪና ማሽላ ላስመጣ አሰብኩ። ሱቄ እንዳይዘጋብኝ ነው፣ አልዋሽም። ከሁሉ በላይ ያሳሰቡኝ ግን ዋጃ አጠገብ ያሉት የሚስቴ አባትና እናት ናቸው። በእኛ አገር ልጁን ድሮ ከልጁ ባል ቤት የሚበላ ሰው ተዋርዷል፤ ሽማግሌው ደግሞ ከእኔ እጅ እህል ከሚቀበሉ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ከሱቅ በዱቤ መውሰድ ግን ነውር የለውም። ሱቁ ማሽላ ካለው ቤታቸውን ሳይለቁ ይከርማሉ። ከሌለው ስደት ነው።

ደሴ ያለው ባንክ ዋስ አምጣ አለኝ። ከሽማግሌው የተሻለ ሀብታም ዘመድ ስላልነበረኝ እሳቸውን ይዤ ሄድኩ። ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ዱላቸውን ቅቤ ቀብተው መጡ።

የብድር ክፍሉ ሰውዬ ወጣት ነው፤ ክፉም አልነበረ። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

"አባባ፣ የዘር ርስት ባንኩ በመያዣነት አይይዝም። ከብት አለዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ስንት?"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ይላል ይሄ ልጅ?"

"ከብትዎ ስንት ነው ነው የሚለው፣ አባዬ።"

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ምን ነካው ነው የምልህ!"

እኛ ዘንድ ከብት አይቆጠርም። እረኛ እንኳ የጎደለውን የሚያውቀው በመልኩ ነው፤ ቡሬዋ አለች፣ ዳለቻዋ አለች እያለ። የተቆጠረ ከብት አይበረክትም፤ ቆጥሮ ለባዕድ የተናገረማ በገዛ እጁ በረቱን አራቆተ። ይህን ለባንክ ሰው እንዴት ብለህ ታስረዳዋለህ?

"ግምቱን ይንገሩኝ። አሥር? ሃያ?"

"ጥቂት አለችን በለው።"

"ጥቂት ብዬ አልጽፍም፣ አባባ።"

"እንግዲያ የለውም ብለህ ጻፍ!"

ጻፈ። ዋስህ ምንም ሀብት የለውም ተባልኩ፤ ብድሩ ቀረ። የሌላ ሰው ከብት ቆጥሮ መናገር ከራስ ይብሳልና እኔም አፌን ዘጋሁ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ግን አላስቻለኝም።

"ምን ነበር አባዬ፣ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ?"

"ልጆችህ ስንት ናቸው ቢልህ፣ እንደ ሽንኩርት ትቆጥርለታለህ?"

"ለብድር ከሆነ እቆጥራለሁ!"

"አንተማ ነጋዴ ነህ" አሉና ሳቁ። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ባንኩ በዚያው ሰሞን መጋዘንና የጭነት መኪና ላለው ነጋዴ አበደረ። ማሽላው መጣ፣ መጋዘን ገባ፣ ዋጋው እስኪሰቀል ተቆለፈበት። የተማሩ ሰዎች ባንኩ ላይ አይፈረድም ይላሉ፤ ገንዘቡ የሕዝብ አደራ ነው ይላሉ። እኔም ጎልምሼ ፊደል ከለየሁ ወዲህ ሕጉን አንብቤዋለሁ። የገባኝን ልናገር፦ ባንክ የሚያበድረው፣ ባያበድረውም ለማይሞት ሰው ነው።

ከብቶቹ በግንቦት አለቁ። ሣር የለ፣ ውሃ የለ፤ የበሬ ዋጋ የዶሮ ሆነ። ሱቄም ባዶ ጆንያ ብቻ ቀራት። ከራሳችን ጉሮሮ ቀንሰን ጥቂት እህል በአህያ ብንልክ፣ ሽማግሌው ከነአህያው መለሱልን። "ልጄን ዳርኩ እንጂ አልሸጥኩም" ብለዋል አለ የላክነው ሰው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌውንና አሮጊቷን ጎብዬ ገበያ እንዳያቸው ነገረኝ። ከዋጃ ጎብዬ ለመድረስ በቆቦ ማለፍ ግድ ነው። በደጃችን አልፈዋል፣ ሳይቆሙ። ሮጬ ሄድኩ። ሽማግሌው ከገበያው ጥግ ከስደተኛው ጋር ተጋድመዋል፤ አሮጊቷ ራስጌያቸው ተቀምጠው ዝንብ ይከላከላሉ። ሽማግሌው ሲያዩኝ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

"ልጅቱ አብራህ ናት?"

"የለችም፣ አባዬ።"

"ደግ።"

ሌሊቱን ነፍሳቸው ወጣች። በማግስቱ፣ ሽማግሌው ማን እንደሆኑ የማያውቁ ሰዎች አግዘውኝ እዚያው ቀበርናቸው።

አሮጊቷን ይዤ ቆቦ ገባሁ። ቤት አልገባም አሉ። ሱቁ ግን ገበያ ነው፣ የአማች ቤት አይደለም ብለው ባዶ ጆንያ ላይ ተኙ። ሚስቴ ያገኘችውን ንፍሮ በባንኮኒው ላይ አሳልፋ ትሰጣለች፤ እናቷ እንደ ገበያተኛ ከማዶ ቆመው ይቀበላሉ። አንድ ቀን የብር ድሪያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

"ምንድን ነው፣ እማዬ?"

"መያዣ። የበላሁትን እስክከፍል።"

"ለእኔ? ለልጅሽ?"

"ያዢ ብዬሻለሁ! አለዚያ አልበላም።"

ሚስቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ድሪውን አንስታ በመቀነቷ ቋጠረችና ንፍሮውን ገፋ አደረገችላቸው።